የዳኛ እንጀራ በማን እጅ ነው?

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይሉ ነበር። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ በቅሎ በዚያ ዘመን የአንድ ጌታ ክብርና ሀብት ነበረች፤ ጭብጦ ግን መንገደኛ ለስንቁ የሚይዛት ትንሽ ቂጣ ናት። ሰው ትልቁን ሀብቱን በእውነተኛ ፍርድ ቢያጣ ይችለዋል፤ ትንሹን በግፍ ሲነጠቅ ግን እንቅልፍ ያጣል። ፍርድን ይህን ያህል የሚወድ ሕዝብ፣ ያን ፍርድ የሚሰጠው ሰው ምን በልቶ እንደሚያድር፣ የቤት ኪራዩንም ከምን እንደሚከፍል አለመጠየቁ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ባለፈው ክረምት እዚህ አስኮ፣ ከብርጭቆ ፋብሪካው ወዲህ ባለ አንድ የልቅሶ ድንኳን ተቀምጠን ሳለ ስለ ዳኞች ደመወዝ ጨዋታ ተነሣ። ከእድርተኞቹ አንዱ «ለዳኛ ደግሞ ምን ደመወዝ ያስፈልገዋል? እጁ ላይ ያለችው ብዕር ታበላው የለምን?» አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሐዘን ቤት ስለ ነበር ሳቁ ቶሎ ተገታ እንጂ፣ ሁሉም በነገሩ የተስማማ ይመስል ነበር። እኔ አልሳቅሁም፤ ዝም ማለቴ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ያን ቀን ያልተናገርሁትን ለመናገር ነው።

ያልሳቅሁበት ምክንያት አንድ የቀድሞ ተማሪዬን ስላሰብሁ ነው። ይህ ልጅ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበር። ወደ ሳንሱሲ በኩል ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። ጧት ጧት በታክሲ ሰልፍ ከሰው ሁሉ ጋር ይቆማል። አንድ ቀን በሚኒባሱ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው፣ የዚያን ዕለት ውሳኔ ይሰጥበት የነበረ ተከራካሪ ወንድም ሆኖ ተገኘ፤ ሰውየውም በትሕትና «ሒሳቡን እኔ ልክፈልልዎ» አለው። ልጁ እምቢ ብሎ የራሱን ከፈለ። ይህን ሲነግረኝ «ጋሼ፣ የታክሲው ሒሳብ ቀላል ነው፤ ያከራየኝ ሰውዬ ክስ ይዞ የመጣ ቀን ግን ምን አደርጋለሁ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ብዙም ሳይቆይ ዳኝነቱን ትቶ ጠበቃ ሆነ። ዛሬ መኪና አለው፤ ለልጁ ደስ ቢለኝም ለአገሬ ግን አዘንሁ።

በዚያ ድንኳን የተነገረው ቀልድ ሥሩ ሩቅ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ብዙ ሰው ይህን ተረት የሕዝባችን ጠባይ ማስረጃ አድርጎ ይጠቅሰዋል። እኔ ግን የአንድ አሮጌ የአስተዳደር ሥርዓት የሒሳብ መዝገብ ነው እላለሁ። በዚያ ሥርዓት ለሹም የወር ደመወዝ አልነበረውም፤ መተዳደሪያው ጉልቱና ማደሪያው፣ ከሹመቱም የሚያገኘው ገቢ ነበር። ዳኛም እንደዚሁ ነበር። ተሟጋቾች ተጠየቅ እየተባባሉ «በቅሎ አግባ»፣ «ማር አግባ» ብለው ይወራረዱ ነበር፤ የተረታው ወገን የሚያገባው ውርርድ ለዳኛው ወይም ለበላዩ ሹም ይገባል። ባለጉዳዩ ለዳኛው የሚከፍለው ገንዘብ ራሱ «ዳኝነት» ይባል ነበር። ቃሉ እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ክስ ስትመሠርት የምትከፍለው የዳኝነት ክፍያ ይባላል፤ የሚገባው ግን ለመንግሥት ግምጃ ቤት ነው እንጂ ለዳኛው አይደለም።

የዚህን ነገር ክፋት አስተውል። ክርክር ሲበዛ ዳኛው ይጠግባል፤ ሲያንስ ይራባል። ሰው ቢታረቅ ኪሳራ ነው። ባለጠጋ ቢረታ በቅሎ ይገኛል፤ ድኃ ቢረታ ግን ምን ይገኛል? በዚያ ዘመን ሐቀኛ ዳኞች አልነበሩም አልልም፤ ነበሩ፤ ሕዝቡም ስማቸውን እያነሣ ያመሰግናቸው ነበር። ነገር ግን ሐቀኛ የነበሩት ሥርዓቱ ረድቷቸው ሳይሆን ሥርዓቱን ታግለው ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ወጥቶ ፍርድ ቤቶች በደረጃ ተዋቀሩ። የዳኛም እንጀራ ቀስ በቀስ ከባለጉዳዩ እጅ ወጥቶ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ተዛወረ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን አንዱን ጌታ በሌላ ጌታ መለወጥም ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዳኞች ከሕግ በቀር ለሌላ ሥልጣን እንደማይገዙ ሲደነግግ፣ ሹመታቸውን ለንጉሠ ነገሥቱ ተወው፤ የፍርድ ቤቱ አስተዳደርም በሚኒስቴሩ ሥር ለረጅም ዘመን ቆየ። ደርግም መጥቶ ይህን አልለወጠም።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ ነገር እንዳይመራ አዝዟል። የፌዴራል ዳኝነትን በጀት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አዘጋጅቶ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያቀርብ፣ የክልሎቹን ደግሞ የየክልሉ ምክር ቤት እንዲወስን አድርጓል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ዳኛው በሥራ ላይ ሳለ ደመወዙ አይቀነስም የሚል ቃል በዚያ አንቀጽ ውስጥ አታገኝም። እንግሊዞች ይህን ነገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1701 በሕጋቸው አስገብተው የዳኛ ደመወዝ የተወሰነና የታወቀ እንዲሆን አደረጉ። አሜሪካኖች በ1787 በሕገ መንግሥታቸው ጻፉት። ጎረቤታችን ኬንያ እንኳ በ2010 ባወጣችው ሕገ መንግሥት የዳኛ ደመወዝና ጥቅም እርሱን በሚጎዳ መንገድ እንዳይለወጥ ደነገገች።

አንዳንድ ሰው «ደመወዙን ማን ቀነሰው? በየጊዜው ይጨመርለት የለምን?» ይለኛል። የደመወዝ መቀነሻው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ቁጥሩ ሳይነካ ገንዘቡ ሊቀልጥ ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ዳኛው ዶላር አይገዛም፤ ነገር ግን ዘይት ይገዛል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ የቤት ኪራይ ይከፍላል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ተሻሽሎ በመጀመሪያ ዲግሪ ለሚቀጠር ሰው መነሻው ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ዳኛ ግን በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የሚተዳደር አይደለም፤ የ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1064 ዳኛንና ዐቃቤ ሕግን ለይቶ አውጥቷቸው ነበር። ለነፃነቱ ተብሎ መለየቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከሠራተኛው ደመወዝ መሰላል ያወረድነውን ሰው፣ በጊዜው የሚወጣበት የራሱ መሰላል ካላቆምንለት፣ ዘወትር ሌላ ሰው እስኪያስታውሰው የሚጠብቅ ጠባቂ አደረግነው ማለት ነው። አሜሪካኖችም ይህ ችግር ደርሶባቸው ነበር፤ በ2012 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤታቸው በሕግ ቃል የተገባላቸውን የኑሮ ውድነት ማካካሻ መከልከል የዳኛን ደመወዝ እንደ መቀነስ ነው ብሎ ፈረደ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የዳኛ ደመወዝ በፍርድ ቤቱ ደረጃና በአገልግሎት ዘመን ይለያያል፤ የክልሉ ዳኛ ደግሞ ክልሉ ባለው ገቢ ይወሰናል። ይህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል። ሰው የማያስተውለው ከፋዩ ማን እንደ ሆነ ነው። መንግሥት ራሱ በፍርድ ቤት ትልቁ ተከራካሪ ነው። ወንጀል ሲከሰስ ከሳሹ እርሱ ነው፤ የግብር ክርክር ሲነሣ አንዱ ወገን እርሱ ነው፤ ቤትህ ለልማት ሲፈርስና በካሳው ስትከራከር ከፊትህ የሚቆመው የእርሱ ነገረ ፈጅ ነው። እኛ በአስኮ ያለን ሰዎች ይህን ከማንም ይበልጥ እናውቀዋለን። እንግዲህ ከሁለቱ ተከራካሪዎች አንዱ የዳኛውን ቀለብ ሰፋሪ ነው። የአንተ ባላጋራ ለዳኛው ቤት የሚሰጥ፣ መኪና የሚመድብ፣ አበል የሚጨምር ወይም የሚያዘገይ ሲሆን፣ ዳኛው ምንም ሐቀኛ ቢሆን አንተ በልብህ እንዴት ታምነዋለህ?

ስለዚህ እኔ ከትንሽ ደመወዝ ይልቅ የምፈራው ችሮታን ነው። ደመወዙ ትንሽ ሆኖ በቤት፣ በመኪናና በልዩ ልዩ ጥቅም ከሚደጎም ዳኛ፣ ደመወዙ በቂ ሆኖ ቤቱን በራሱ ገንዘብ የሚከራይ ዳኛ ይሻለኛል። ደመወዝ በሕግ ተጽፎ ለሁሉ እኩል ይደርሳል። ጥቅማ ጥቅም ግን ለእገሌ ዛሬ፣ ለእገሌ ነገ ይባልበታል፤ በመካከሉም የሚሰጠው ሰው ፊት ይታያል። ፊት ማየት የለመደ ሰው ደግሞ በችሎትም ቢቀመጥ ዓይኑን መመለስ ይከብደዋል።

«አንተ መምህር ነበርህ፤ መምህሩስ፣ ነርሷስ ተርበው የለምን? ዳኛ ብቻ ለምን?» የሚለኝ አለ። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም ሠላሳ ዓመት ያህል ጠመኔ ይዤ የኖርሁ ሰው ነኝና ረኃቡን አውቀዋለሁ። ደመወዜ አልበቃ ሲለኝ ማታ ማታ የባለጠጋ ልጆችን እያስጠናሁ ጎዶሎዬን ሞልቻለሁ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ እኔ ሲቸግረኝ የሸጥሁት ማታዬንና ጉልበቴን ነው፤ ሁለቱም የራሴ ናቸው። ዳኛ ሲቸግረው የሚሸጠው የሌላ ሰው ርስት፣ የሌላ ሰው ልጅ፣ የሌላ ሰው ነፃነት ነው። ሌላ የሚሸጠው ነገር የለውም፤ ከችሎት ወጥቶ ነገድ ብትለውም ነገ ደንበኛው በፊቱ ሊከሰስ ይችላል።

ይህን በማለቴ ግን ጉቦ የሚበላውን ዳኛ ይቅር ያልሁ አይምሰልህ። ከናንተ ከወጣቶቹ መካከል ሕግ የሚማሩ አንዳንዶች «በዚህ ደመወዝ ንጹሕ መሆን አይቻልም» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ፤ ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ሰበቡን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁት የሳሙኤል ልጆች ታሪክ ትዝ ይለኛል፤ በቤርሳቤህ ዳኞች ሆነው መማለጃ በሉ፤ ሕዝቡም በእነርሱ ተማርሮ ንጉሥ አንግሥልን አለ። የነቢይ ልጆች ነበሩ እንጂ ጦም አዳሪዎች አልነበሩም። ሚሊዮን የሚበላ ሰው ለዳቦ ብሎ በላ ብትለኝ አላምንህም። ተማሪዬ በሁለት ክፍል ቤት እየኖረ የታክሲ ሒሳብ እንኳ አላስከፈለም። ደመወዝ ሌባን ጻድቅ አያደርገውም። በቂ ደመወዝ የሚያደርገው፣ ሐቀኛው በወንበሩ ላይ እንዲቆይና ሌባው ሰበብ እንዲያጣ ነው። ዛሬ ግን የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ሐቀኛው በደመወዙ መኖር አቅቶት ወደ ጥብቅና ይሄዳል፤ ሌላ ገቢ ያለው ግን ለመሄድ አይቸኩልም።

የሐቀኛው መሄድ ምን እንደሚያስከትል በራሴ ጉዳይ አይቻለሁ። ከጎረቤቴ ጋር በአንዲት የአጥር ወሰን ተካስሰን ነገሩ ሲጀመር ያየው ዳኛ ምስክሮቼን በትዕግሥት ሰማ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ለቀቀ ተባልሁ። ሁለተኛዋ መዝገቡን ገና ስታገላብጥ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች። ሦስተኛው የምስክሮቼን ፊት አላየም፤ ከመካከላቸው አንዱ ሽማግሌ በዚህ መሐል ሞቱ። ዳኛው ወረቀቱን አንብቦ ይፈርዳል። ሲዋሽ የተርበተበተውን ሰው መርበትበት ወረቀት አይጽፈውም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። የዳኛ ደመወዝ በሕግ ይጻፍ፤ በሥራ ላይ ሳለ አይቀነስ፤ ኑሮ ሲወደድ በታወቀ ስሌትና በታወቀ ጊዜ ይጨመር እንጂ በልመና አይሁን። ካናዳዎች በ1997 ከፍተኛው ፍርድ ቤታቸው በፈረደው መሠረት በመንግሥትና በዳኞች መካከል ገለልተኛ ኮሚሲዮን ቆሞ ደመወዙን እየመረመረ ሐሳብ እንዲያቀርብ አድርገዋል፤ እኛም እንዲህ ያለ አካል ብናቆም አንዋረድም። የቤቱና የመጓጓዣው ጥቅም ተሰልቶ በደመወዙ ውስጥ ይግባ። የወረዳው ዳኛ ክልሉ ድኃ ስለ ሆነ ብቻ ፍርዱ ርካሽ እንዳይሆን ዝቅተኛው መነሻ ለአገሩ ሁሉ አንድ ይሁን። ይህም ሁሉ በግልጽ ይታተም፤ ያ በድንኳን የቀለደው ጎረቤቴ ዳኛው በወር ስንት እንደሚያገኝ ቢያውቅ፣ ከዚያ በላይ የሚያወጣውን ዳኛ ደግሞ ከየት አመጣኸው ብሎ ለመጠየቅ ይችላል።

የአጥሩ ጉዳይ ለኅዳር ተቀጥሯል። ጸሐፊዋ አዲስ ዳኛ ተመድቧል ብላኛለች፤ ይህ አራተኛው ነው። ከአስኮ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ካልወጣሁ ታክሲ አላገኝም፤ በሰልፉ ላይ ከፊቴ የሚቆመው ሰው እርሱ ይሁን አይሁን ስለማላውቅ፣ ያን ቀን ስለ ጎረቤቴ ለማንም አላወራም።