ስምን መልአክ አላወጣውም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። የሰውን ስም በተመለከተ አልከራከርም። የቀንዳሞቹን ዳይኖሰሮች ስም በተመለከተ ግን ዝም ማለት አልችልም። ከእነዚያ ስሞች የመጀመሪያዎቹን ያወጡት ኦትኒየል ማርሽና ኤድዋርድ ኮፕ የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት ናቸው። ሁለቱ ዓይንና ናጫ ሆነው ነበር የኖሩት። አንዱ ሌላውን ለመቅደም ሲል የአጥንት ስባሪ ባገኘ ቁጥር ስም ያወጣ ነበር። የዚያ ጥድፊያ ዕዳ እስከ ዛሬ ተከፍሎ አላለቀም።

ነገሩን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2010 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ጆን ስካኔላና ጃክ ሆርነር የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። ትራይሴራቶፕስና ቶሮሳውረስ ተብለው ከመቶ ዓመት በላይ ለየብቻ ሲጠሩ የኖሩት እንስሳት አንድ ናቸው፤ ቶሮሳውረስ ያረጀ ትራይሴራቶፕስ ነው የሚል ጥናት ነው። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ተገለበጠና ትራይሴራቶፕስ የሚባል እንስሳ ከነጭራሹ አልነበረም ተባለ። ሕፃናት የሚወዱት ባለ ሦስት ቀንዱ እንስሳ ተሰረዘ ተብሎ ተለቀሰ። ይህንኑ ዛሬም የሚደግሙልኝ ሰዎች አሉ። ደግመውም አያበቁ፤ «ሳይንስ ማለት ይኸው ነው፤ ዛሬ የሰጠህን ነገ ይነጥቅሃል» ብለው ይደመድማሉ።

በመጀመሪያ ደረጃ ወሬው ሐሰት ነው። የስም አወጣጡ ሕግ አንድ እንስሳ ሁለት ስም ከተገኘበት ቀድሞ የወጣው ይጸናል ይላል። ማርሽ ትራይሴራቶፕስ ያለው በ1889 ነው፤ ቶሮሳውረስ ያለው በ1891 ነው። ስለዚህ ጥናቱ ልክ ቢሆን እንኳ የሚሰረዘው ቶሮሳውረስ እንጂ ትራይሴራቶፕስ አይደለም። ለቅሶው ያለ ሬሳ ነበር።

ሁለተኛውና ትልቁ ነገር ግን ከስሙ ጀርባ ያለው ጥያቄ ነው። እስቲ አንባቢ ሆይ፣ ከብት የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ ሰው በአንድ ሜዳ ላይ አራት የራስ ቅል አገኘ እንበል። አንዱ ቀንድ የለውም፤ ሁለተኛው ቀንዱ ገና ጉጥ ነው፤ ሦስተኛው ቀንዱ ቀጭን ነው፤ አራተኛው ወፍራምና የተቆለመመ ነው። ይህ ሰው አራት የእንስሳ ዓይነት አገኘሁ ብሎ አራት ስም ቢያወጣ፣ የእኛ አገር እረኛ ሆዱን ይዞ ይስቅበታል። ጥጃ፣ ወይፈን፣ ጊደርና በሬ የተለያዩ አራዊት አለመሆናቸውን እረኛው ያውቃል። የሚያውቀውም ከብቶቹ ሲያድጉ ስላየ ነው። የዳይኖሰር ሊቅ ግን ሲያድጉ አላየም። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለቀ መንጋ እረኛ የለውም።

ለዚህ ነው የቀንዳሞቹ ምደባ ታሪክ በስህተት የተሞላው። በ1887 ከዴንቨር አካባቢ የተገኘ የቀንድ ጥንድ ለማርሽ ደረሰው። እሱም የጎሽ ዘመድ ነው ብሎ ቢሰን አልቲኮርኒስ አለው። በ1888 ከሞንታና የመጣለትን የቀንድና የራስ ቅል ቁራጭ ደግሞ ሴራቶፕስ አለው። ዛሬ ያ ቁራጭ ከየትኛው እንስሳ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ይሁን እንጂ ሴራቶፕሲያ የተባለው መላው ወገን የሚጠራው በእሱ ነው። ትራይሴራቶፕስ ከተሰየመ በኋላም የራስ ቅል በተገኘ ቁጥር አዲስ ዝርያ እየተባለ የዝርያዎቹ ቁጥር ከ10 በላይ ደረሰ። በ1986 ጆን ኦስትሮምና ፒተር ዌልንሆፈር ሁሉንም ጨፍልቀው አንድ ዝርያ አደረጉት። በ1996 ካትሪን ፎርስተር ሁለት ነው አለች። በ2014 ስካኔላና ባልደረቦቹ የሄል ክሪክን አለት ደርብ በደርብ ሲመረምሩ፣ ከሁለቱ አንደኛው ከታችኛው ደርብ፣ ሌላው ከላይኛው እንደሚገኝ አሳዩ። ጎን ለጎን የኖሩ የመሰሉት፣ በዘመን የሚቀዳደሙ ሆነው ተገኙ።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ይህ «ቀንዳም» የተባለው ወገን የሚለየው በቀንዱ አይደለም። ከላይኛው መንጋጋ ጫፍ ላይ ባለች፣ ሌላ ዳይኖሰር በሌለው አንዲት የመንቁር አጥንት ነው። ከእስያ በ1923 የተሰየመው ሲታኮሳውረስ ቀንድ የሚባል በግንባሩ የለውም፤ ያቺን አጥንት ስለያዘ ግን የቤተሰቡ አባል ነው። ቀንድና የአንገት ጋሻ የሚያገለግሉት ከዚያ በታች ያሉትን ለመለያየት ነው። ላምቤ በ1915 ከለያቸው ክፍሎች ሁለቱ ዛሬም ጸንተዋል። በአንደኛው በሴንትሮሳውሪኔ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎላው የአፍንጫ ቀንድ ነው፤ ትራይሴራቶፕስ ባለበት በካዝሞሳውሪኔ ደግሞ የግንባሩ።

ችግሩ ቀንድና ጋሻ ከሰውነት ሁሉ ዘግይተው የሚበስሉ መሆናቸው ነው። ሆርነርና ማርክ ጉድዊን በ2006 እንዳሳዩት፣ የታዳጊ ትራይሴራቶፕስ የግንባር ቀንድ ወደ ኋላ የታጠፈ ነው፤ ሲጎለምስ ወደ ፊት ይዞራል። ኮፕ በ1876 የሰየመው ሞኖክሎኒየስም የዚሁ ሰለባ ነው። በ1997 ሳምሰን፣ ራያንና ታንኪ ባወጡት ጥናት፣ ሞኖክሎኒየስ የሚያሰኙት ምልክቶች የለጋነት ምልክቶች መሆናቸው ታየ። የተለያዩ ዝርያዎች ወጣቶች እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፤ ጌጣቸው የሚወጣው ሲጎለምሱ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በመጻሕፍት የኖረው ስም የወይፈን ስም ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ስካኔላና ሆርነር በ2010 የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ ይህ እንስሳ ሲሞት ስንት ዓመቱ ነበር? መልሳቸው የጸና አይመስለኝም። በ2012 ኒኮላስ ሎንግሪችና ዳንኤል ፊልድ የራስ ቅል አጥንቶችን መጋጠም መርምረው፣ በደንብ ያረጁ ትራይሴራቶፕሶችና ገና ያልጨረሱ ቶሮሳውረሶች መኖራቸውን አመለከቱ። ቶሮሳውረስ የትራይሴራቶፕስ ሽምግልና ከሆነ፣ ሽማግሌው ትራይሴራቶፕስና ጎልማሳው ቶሮሳውረስ ከየት መጡ? ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ያም ሆኖ ሎንግሪችና ፊልድ ሊከራከሩ የቻሉት ዕድሜን በመቁጠር ነው። ተሟጋቾቹ በመልሱ ቢለያዩም በጥያቄው አንድ ሆነዋል። እኔ ሳይንስ የምለው ይህንን ነው፤ «ዛሬ ሰጥቶ ነገ ይነጥቃል» የሚሉ ሰዎች ሊያዩት የማይፈልጉትም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ክሴ የሚነጣጠረው ስም በሚሰርዙት ላይ ሳይሆን ስም በሚያጣድፉት ላይ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አዳዲስ ቀንዳሞች በላይ በላይ እየተሰየሙ ነው። በ2024 ከሞንታና በተገኘ የአንድ እንስሳ ቅሪት ላይ ተመሥርቶ ሎኪሴራቶፕስ ተሰየመ፤ አምስት ዓይነት ቀንዳሞች በአንድ አካባቢ አብረው ይኖሩ ነበርም ተባለ። ሐሰት ነው አላልኩም፤ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ሁለተኛና ሦስተኛ የራስ ቅል እስኪገኝ ድረስ ስሙ በእርሳስ ቢጻፍ ምን ይጎድላል?

«ዕድሜውና ደርቡ እስኪታወቅ ከተጠበቀማ ስም የሚወጣለት አይኖርም» የሚሉኝ ይኖራሉ። መልሴ አጭር ነው። አጥንት ያለ ስም መኖር ይችላል። ሙዚየም ቁጥር ይሰጠዋል፤ ተመራማሪ ይለካዋል፣ ይስለዋል፣ ከሌላው ጋር ያስተያየዋል። ስም የሌለው አጥንት ማንንም አያሳስትም። ስም የወጣለት ስባሪ ግን በዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ዝርዝሩም ይቆጠራል። ከቁጥሩ ተነስቶ ይህን ያህል ዝርያ ነበረ፣ ይህን ያህሉ ጠፋ ይባላል። መሠረቱ ጥጃ ከሆነ ድምዳሜው ሁሉ ይናጋል።

ስለዚህ «አዲስ ቀንዳም ተገኘ» የሚል ዜና ስናነብ ከስሙ ውበት በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ስንት የራስ ቅል ተገኘ? ሲሞት ዕድሜው ስንት ነበር? የተገኘው ከየትኛው ደርብ ነው? ለእነዚህ መልስ ያለው ስም ይጽና። መልስ የሌለው ግን ማርሽ ያወጣውም ቢሆን፣ ትናንት የወጣም ቢሆን፣ ቆሞ ይጠብቅ።