የወደድነውን ዕቃ ሰው ሁሉ ሲወደው

በዚህ ገጽ ስለ ቤት አስተዳደርና ስለ ቤተ ሰብ ኑሮ ጥቂት ጥቂት ስንናገር ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ሲያዩት ትንሽ የሚመስል፥ ነገር ግን በብዙ ቤት ተሰውሮ የሚኖር አንድ ጠባይ ለመግለጥ እንወዳለን። ይኸውም ሰው አንድን ዕቃ ከልቡ ሲወድ ኖሮ፥ ያው ዕቃ በሰው ሁሉ ዘንድ የተወደደ በሆነ ጊዜ ፍቅሩ የሚቀዘቅዝበት ጠባይ ነው። ዕቃው አልተበላሸም፤ ዋጋው አልከበደም፤ ሠሪውም አልተለወጠም። የተለወጠ ነገር ቢኖር ጎረቤትም መግዛቱ ብቻ ነው። ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ በዚህ ነገር በደለኞቹ እኛው ራሳችን ስለ ሆንን የደረሰብንን መናገር ይገባናል ብለን ነው እንጂ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሥራ ጉዳይ ወደ ሐረር ሄደን ነበር። ከድሬዳዋ ተነሥተን የደንገጎን ዳገት ወጥተን፥ ሐረማያን አልፈን ከተማው ደረስን። በማግሥቱም በጁገል ግንብ ውስጥ፥ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ «መኪና ግርግር» ባሰኘው ጠባብ መንገድ ስናልፍ፥ የተቆላ ቡና ሽታ ስቦ ወደ አንዲት ትንሽ ሱቅ አስገባን። ባለሱቁ ቡናውን ራሱ ይቆላል፤ ሦስት ሴቶችም ሰፌድ ይዘው ተቀምጠው ያልተቆላውን ይለቅማሉ። የተቆላውን በከረጢት አድርጎ የራሱን ምልክት አትሞበት ይሸጣል። እኛም ሁለት ከረጢት ገዝተን ወደ አዲስ አበባ ተመለስን።

በሐረርጌ ደጋ፥ በጨርጨርና በጋራ ሙለታ በኩል የሚበቅለው ቡና፥ እንደ ሌላው አገር የታጠበ ቡና ሳይሆን ቀዩ ፍሬ ከነልባሱ በፀሐይ ደርቆ በኋላ የሚፈለፈል ነው። ስለዚህ የፍሬው ጣፋጭነት ወደ ውስጥ ይገባና፥ ቡናው ሲጠጣ እንደ እንጆሪና እንደ ወይን ጠጅ ያለ ጣዕም ይሰማል። ባለቤታችን ያን ቡና ባፈላች ቀን እንግዶቻችን ሁሉ «ይህን ከወዴት አገኛችሁት?» ብለው ጠየቁ። እኛም «ከሐረር፥ ከምናውቀው ሰው» ብለን መለስን። እውነቱን ለመናገር፥ ከቡናው ጣዕም ይልቅ ደስ ያሰኘን «ከምናውቀው ሰው» የሚለው ቃል ነበረ። ሁለት ዓመት ያህልም ከቤታችን ሌላ ቡና አልገባም።

ከዚያ በኋላ የዚያ ሰው ቡና እየታወቀ ሄደ። ወደ ሐረር የሚወርድ ሹም ሁሉ ለወዳጁ ስጦታ አድርጎ ያመጣው ጀመረ። በሠርግ ቤት አየነው፤ በለቅሶ ቤት አየነው፤ በመሥሪያ ቤታችን ጸሐፊዎች ጠረጴዛ ላይ አየነው። በመጨረሻም አንድ ቀን የቤታችን ሠራተኛ ከደመወዝዋ ቈጥባ ለእናትዋ የምትልከውን ዕቃ ስትቋጥር፥ ያው ምልክት ያለበት ከረጢት ከመካከሉ ታየን። አንዲት ልጅ ለእናትዋ ያማረ ነገር ስትልክ አይቶ ደስ መሰኘት በተገባ ነበር። በእኛ ልብ የተሰማው ግን ደስታ አልነበረም፤ አንድ የነበረን ነገር የተወሰደብን መሰለን።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቡናው አልጥም አለን። አንድ ጊዜ «አሮበታል» እንላለን፤ ሌላ ጊዜ «የቆየ ነው» እንላለን። ባለቤታችን «እኔ ልዩነቱ አልታወቀኝም» ብትለን፥ «ምላስሽ ለምዶት ነው» ብለን መለስንላት። በመጨረሻም ከቤት አስወጣነው። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ለራሳችን በሆነ ነበር። ነገር ግን የቡና ቁርሱ ወሬ ነውና፥ በየተጠራንበት ቤት ስሙ በተነሣ ቍጥር «ዱሮ መልካም ነበር፤ ከታወቀ ወዲህ ተበላሸ» እያልን ተናገርን። የሚሰሙንም ሰዎች የአገር ዐዋቂ ነን ብለው የሚያምኑን ነበሩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው ሆነ።

ባለፈው ዓመት እንደገና ወደ ሐረር ሄድን፤ ባለቤታችንም አብራን ነበረች። በጁገል ውስጥ የምናውቃቸው አንዲት አሮጊት እመቤት ከቤታቸው ጠሩን። ቤታቸው እንደ ሐረሪ ሁሉ ቤት ደረጃ ባለው መደብ የተሠራ፥ ግድግዳውም በእጅ በተሰፉ ሰፌዶችና ሙዳዮች የተጌጠ ነው። ከነደባው ላይ አስቀምጠውን ቡና አስፈሉልን። አቦሉን በቀመስን ጊዜ «እነሆ፥ እውነተኛው የሐረር ቡና ይህ ነው! በገበያ እንደሚዞረው ያለ አይደለም» አልን። እመቤቲቱ ዝም አሉን። ቶናው ሲቀዳ ግን «እሜቴ፥ ይህን ቡና ከየትኛው ገበሬ አስመጡት? እባክዎ ለእኛም ያስፈልጉልን» ብለን ለመንናቸው። እርሳቸውም «ጌታዬ፥ ለመቍላት እጄ ደክሞብኛልና የተቆላ ነው የማስገዛው» አሉና የልጅ ልጃቸውን ከጓዳ አምጪ አሏት። ልጅቱ ይዛ የመጣችው ያንኑ ከረጢት ነበር።

ባለቤታችን ወደ እኛ አየች፤ ምንም አልተናገረችም። እመቤቲቱ ግን ነገራችንን ሳያውቁ ቀጠሉ፦ «የእኅቴ ልጅ በዚያ ቤት ለቃሚ ነበረች። ሥራው በበዛ ጊዜ ለቃሚዎቹ ዐሥራ አንድ ደርሰው ነበር። አሁን ከአዲስ አበባ የሚጠይቀው ሰው ቀነሰ አሉ፤ አምስቱ ብቻ ቀሩ። እርስዋም ከቀሩት አይደለችም።» በረካውን ጠጣነው ወይስ ሳንጠጣ ተነሣን፥ ዛሬ አናስታውሰውም።

የእኛ ቃል ብቻ ስድስት ሰው ከሥራ አስወጣ ብለን ራሳችንን ከፍ አናደርግም። ነገር ግን እንደ እኛ የሚናገር ስንት ሰው እንደ ነበረ ማን ያውቃል? ወደ ሱቁ ሄደን ለባለሱቁ ያልነውን ሁሉ ነገርነው። ሰውየው አልተቈጣም፤ እንዲህ ብቻ አለን፦ «ጣዕሙ የተለወጠ ቢመስልዎ ለእኔ ቢነግሩኝ ኖሮ፥ ጥፋት ካለብኝ አርመው ነበር። ለሰው ቢነግሩ ግን እኔ ምን ሰምቼ አርማለሁ?» ለዚህ የምንመልሰው ቃል አላገኘንም።

ይህ ጠባይ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በውጭ አገር ሊቃውንትም የተመረመረ ነው። ቶርስታይን ቬብለን የተባለው አሜሪካዊ በ1891 ዓ. ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሰዎች ብዙውን ዕቃ የሚገዙት ለጥቅሙ ብቻ ሳይሆን ክብራቸውን ለሰው ለማሳየት እንደ ሆነ አስረዳ። በ1942 ዓ. ም. ደግሞ ሃርቪ ላይበንስታይን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ፥ ሌሎች ሰዎች ስለ ገዙት ብቻ አንድን ዕቃ መግዛት የሚተው ሰው እንዳለ ለይቶ ጻፈ። እንዲህ ያለው ሰው ከዕቃው ጋር አልተጣላም፤ የተጣላው ከሌሎቹ ገዢዎች ጋር ነው። እኛም ይህን ባነበብን ጊዜ ስማችን የተጻፈ ያህል ሆኖ ተሰማን።

ነገር ግን አንባቢ «መታወቅ ዕቃን የሚያበላሽበት ጊዜ ፈጽሞ የለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አለ እንጂ። ለዚህም ምስክሩ ራሱ የሐረር ቡና ነው። በዱሮ ዘመን ይህ ቡና በዘይላና በበርበራ በኩል ባሕር ተሻግሮ፥ በኤውሮፓ ገበያ «ሞካ» እየተባለ ይሸጥ ነበር። ሞካ የየመን ወደብ ስም ነው። በ1873 ዓ. ም. በፈረንሳይ አገር በባለቅኔነቱ የታወቀው አርቱር ራምቦ የአንድ የንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ሐረር በገባ ጊዜ ከሥራው አንዱ ቡና መግዛት ነበር። የሞካ ስም ግን ከመወደዱ የተነሣ ከየትም ለመጣ ቡና ይሰጥ ጀመረ፤ በዘመናችንማ በየአገሩ ቡና ቤት ሞካ ቢሉ ከቸኮላታ ጋር የተቀላቀለ ቡና ይቀርብላችኋል። እንግዲህ የጠፋው ቡናው አይደለም፤ ስሙ ነው። ስሙንም ያጠፋው የጠጪው መብዛት ሳይሆን፥ ያልሆነውን «ነኝ» የሚል ዕቃ መብዛቱ ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት «ሐረር»፥ «ሲዳሞ»ና «ይርጋ ጨፌ» የሚሉት ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት በ1997 ዓ. ም. አሜሪካን አገር የጠየቀው ስለዚሁ ነው። የዚያ አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስ ከተባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ ጋርም ክርክር ሆነ። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳምና መንግሥት ነገሩን ሳይተው ከቈየ በኋላ፥ በ1999 ዓ. ም. ከኩባንያው ጋር በስምምነት ጨረሰ። የተጠየቀው ቡናችንን ሰው አይጠጣው ተብሎ አይደለም፤ የሚጠጣው ሁሉ በእውነተኛ ስሙ ይጠጣው፥ ዋጋውም ለገበሬው ይድረሰው ተብሎ ነው።

ይህም የገበሬው ነገር ቸል የሚባል አይደለም። በሐረርጌ ብዙ ገበሬዎች ቡናቸውን ነቅለው ጫት እንደ ተከሉ የታወቀ ነው፤ ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ተቈርጦ ቶሎ ገንዘብ ያመጣልና። የቡና ዛፍ ግን ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ያስቈጥራል። ገበሬው ያን ያህል የሚታገሠው የሚገዛው ሰው መኖሩን ተማምኖ ነው። እኛ በከተማ ተቀምጠን «ሰው ሁሉ ጠጣው» ብለን የምንንቀው ቡና፥ ሰው ሁሉ ባይጠጣው ኖሮ ተነቅሎ የሚጣል ነው።

ስለዚህ የቤት አባቶችና እመቤቶች ሁሉ አንድን የወደዱትን ዕቃ ከመተዋቸው በፊት ልባቸውን ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እንለምናለን። መጀመሪያ፥ ዕቃው ተለውጦአልን ወይስ ገዢው በዝቶአል? ይህን ለመለየት ምልክቱን ሳያዩ መቅመስ፥ ወይም ነገሩን የማያውቅ ሰው ማስቀመስ ይበቃል። ሁለተኛ፥ ተለውጦ ከሆነ ለሠሪው ነግረነዋልን? ስም ያለው ነጋዴ ነቀፋን በጊዜ ቢሰማ ይጠቀማል፤ በስተ ኋላው የሚነገር ነቀፋ ግን እርሱን ይጥለዋል እንጂ ዕቃውን አያሻሽለውም። ሦስተኛ፥ አልተለወጠ እንደ ሆነ የምንተወው ስለ ምንድን ነው? ለዚህ የሚሰጠው መልስ በሰው ፊት ለመናገር የሚያሳፍር ከሆነ፥ ያን ጊዜ ዕቃውን ሳይሆን ራሳችንን መመርመር ይገባናል።

ይልቁንም ልጆቻችን ይህን ከእኛ እንዳይማሩ መጠንቀቅ አለብን። አባቱ አንድን ነገር «ተራ ሰው ይዞታል» ብሎ ሲጥለው ያየ ልጅ፥ ዕቃን ብቻ ሳይሆን ሰውንም እንዲሁ መመዘን ይለምዳል። ዛሬ ቡናውን ይንቃል፤ ነገ የቡናውን ለቃሚ ይንቃል።

ከሐረር በተመለስን ጊዜ ሁለት ከረጢት ይዘን ነበር። አንዱን ባለቤታችን ከጓዳዋ አኖረችው፤ ሁለተኛውን ለሠራተኛችን እናት እንዲላክ ሰጠነው። በዚያ ያማነውን ቡና ሲጠጡ የነበሩት ወዳጆቻችንም ይህን ገጽ እንዲያነቡልን እንለምናለን።