ዘንግ መደርደር ፊደል መሳል አይደለም

የአማርኛ ፎንት ሲወጣ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «ስንት ዘንግ አለው?» ሆኗል። ዘንግ ማለት የፊደሉ ቅርጽ የሚለዋወጥበት መስመር ነው፦ ውፍረት፣ ስፋት፣ ዝንባሌ፤ ዘንጉ በበዛ ቁጥር ባለሙያው የረቀቀ ይመስላል። ይህ አስተሳሰብ ለርዕስና ለታፔላ የምንሠራቸውን ፎንቶች እያበላሸብን ነው።

የዘንግ ሐሳብ አዲስ አይደለም። የዘንጉ ጫፎች ሥዕሎች ማስተር ይባላሉ፤ በመካከላቸው ያለውን ቅርጽ ኮምፒውተር ያሰላዋል። አዶቤ እንዲህ ያለውን ባለብዙ ማስተር ፎንት ያወጣው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። በ2016 ከአፕል፣ ከጉግልና ከማይክሮሶፍት ጋር ሆኖ ሐሳቡን ቫሪያብል ፎንት ብሎ መለሰው። ሒሳቡ ግን ያው ነው፤ ጫፎቹን ሁሉ ልሳል ላለ ሰው ሁለት ዘንግ አራት ማስተር፣ ሦስት ዘንግ ስምንት ማስተር ይፈልጋል። የላቲን ሠዓሊ በ26 ትልልቅ ፊደላት ርዕስ ሊጽፍ ይችላል። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ በስምንት ማስተር 1,848 ሥዕል ይሆናሉ፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ይህን ሁሉ በእጁ የሚጨርስ ጥቂት ነው። ስለዚህ ቀጭኑ ይሣልና ወፍራሙ በኮምፒውተር ትእዛዝ ይነፋል።

«ጤ»ን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ሦስት እግር አላት፣ በቀኙ እግር ግርጌ ቀለበት። ሁሉም እኩል ሲነፋ በእግሮቹ መካከል ያለው ነጭ ይዘጋል፣ የቀለበቱ ቀዳዳም ይደፈናል። ያን ጊዜ ሃምሱ ወደ ሣልሱ ይጠጋል፤ «ጤና» የሚለው ታፔላ ከመንገድ ማዶ «ጢና» ይነበባል። መካከለኛውም ውፍረት ከዚህ ጉድለት አያመልጥም፤ ነጥቦቹ ከማስተር ወደ ማስተር ቀጥ ብለው ሲጓዙ የሚገኝ ነውና። መካከለኛው እግር ይቅጠን፣ ቀለበቱ ይስፋ ብሎ የሚወስን ዓይን ያስፈልጋል።

ለመጽሐፍና ለስልክ ጽሑፍ ዘንግ እንደሚጠቅም አልክድም፤ አንድ ፋይል ብዙ ሥራ ይሠራል። የርዕስ ፎንት ሥራው ግን አንድ ነው፤ ከሩቅ መታየትና የራሱን ጠባይ መያዝ። ለዚህ አንድ ዘዴ ይበቃል፤ የብራና ጸሐፊዎቻችን እንኳ ቅዱስ ስምን ለመለየት ቀይ ቀለም በቅቷቸዋል፤ ፊደሉን ማወፈር አላስፈለጋቸውም።

ለርዕስ ፎንት የምትሠሩ ወገኖቼ፣ አንድ ዘንግ ምረጡ። ለምን እንዳስፈለገ ተናገሩ። ሁለቱን ጫፍ በእጃችሁ ሳሉ፤ መካከሉ ከተበላሸ ሦስተኛ ማስተር ጨምሩ። ከዚያ 231ዱንም አትሙና ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ከሩቅ አንብቧቸው። ማንም ያላየው ሥዕል ማስተር ሊባል አይገባውም።