600 ዋት የሚባል ተረት

አዲጋላ ባቡር ጣቢያ ቆማችሁ ቀና ብትሉ 25 ሺህ ቮልት የተሸከመ ሽቦ አናታችሁ ላይ ተዘርግቷል። ከጅቡቲ የተነሳው የድሮው ሐዲድ ድሬዳዋ የገባው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፣ አዲስ አበባ ከመድረሱ 15 ዓመት ቀደም ብሎ። ከ2018 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ ደግሞ መደበኛ ሥራውን የሚሠራው ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄደው ነው። እኛ ግን ስለ ባቡሩ ልናወራ አልመጣንም። የመጣነው ከጣቢያው ፈቀቅ ብሎ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ ስለተቃጠለች የብረት ሳጥን ነው።

ክፍሉ የወዳጃችን ነው። ፎቶ ኮፒ ያደርጋል፣ የጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ከሁሉም በላይ ግን ሠርግ ይቀርጻል። ኮምፒውተሩ ከውጭ ተጠቅመውበት የመጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7040 ነው፣ ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር ያለው። ቪዲዮ ሲያቀናብር ተንቀራፈፈበትና ድሬዳዋ ወርዶ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድ ገዛ። ሻጩ «ለዚህማ የድሮው ፓወር ሰፕላይ አይችልም» አለው። እውነቱን ነው፣ አይችልም። ቀጥሎ ግን መደርደሪያው ላይ ካሉት አንዱን አነሳና «600 ዋት! ወላሂ፣ አቦ አትጨነቅ» አለው። የዴል መሰኪያ ከተለመደው ባለ 24 ፒን ስለሚለይ አገናኝ ገመድም ጨመረለት። ወዳጃችን የድሮውን ፓወር ሰፕላይ ለሱቁ ትቶ፣ አዲሱን ተሸክሞ ወደ አዲጋላ ተመለሰ።

ሦስተኛው ሌሊት ላይ መብራት ወረደ፣ ጠፋ፣ መጣ። ሲመጣ ጠረን ይዞ መጣ። ፓወር ሰፕላዩ ብቻውን አልሞተም፣ ማዘርቦርዱንና ሃርድ ዲስኩን ይዞ ሄደ። ዲስኩ ላይ ገና ያልተረከቡት ሠርግ ነበር። ሠርግ ደግሞ «ይቅርታ፣ እንደገና እንቅረጻችሁ» አይባልበትም።

የተቃጠለውን ሳጥን አምጥቶ ሲያሳየን ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበብነው። እንግዲህ ጠባችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «600 ዋት» የሚለው በትልቁ ተጽፏል፣ በደማቅ ቀይ። ከሥሩ በጉንዳን ፊደል «+12 ቮልት፣ 16 አምፔር» ይላል። አሥራ ሁለትን በአሥራ ስድስት አባዙት፣ 192 ዋት። በቃ! ሌላው 400 ዋት የት ሄደ? የትም አልሄደም፣ መጀመሪያውኑ አልነበረም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ከፔንቲየም 4 ዘመን ወዲህ፣ የኮምፒውተር ዋና ፍጆታ ከ5 ቮልት ወደ 12 ቮልት ዞሯል። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚበሉት ከዚያ መስመር ነው። 5 እና 3.3 ቮልት የሚባሉት መስመሮች ዛሬ ፍርፋሪ ነው የሚጠየቁት። እነዚህ ስም የለሽ ሳጥኖች ግን እዚያ ፍርፋሪ ላይ የፈለጉትን ቁጥር ይቆልላሉ፣ ይደምራሉ፣ ሲያሻቸውም ሳይደምሩ ይጽፋሉ። ገለባውን ከነጤፉ መዝኖ «ኩንታል» ብሎ እንደመሸጥ ነው።

የወዳጃችንን ሒሳብ እንሥራው። ፕሮሰሰሩ 65 ዋት፣ ካርዱ 120 ዋት፣ ማዘርቦርድ፣ ዲስክና ማራገቢያ ተደምረው ወደ 50 ዋት። ጠቅላላው 235 አካባቢ ነው። 192 ዋት በሚችል ዕቃ ላይ 235 ዋት ጫነ ማለት ነው፣ ያውም በቆላ ሙቀት። ለአንድ ሳጥን የሚጻፈው ዋት በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደተለካ ወሳኝ ነው። ጨዋዎቹ አምራቾች 40 ወይም 50 ዲግሪ ላይ ለክተው ይጽፋሉ። ሌሎቹ በቀዝቃዛ ክፍል ይለካሉ፣ ከለኩ ማለታችን ነው። አዲጋላ ላይ የቀኑ ሙቀት ራሱ 40ን ሲነካ ኬዙ ውስጥ ስንት እንደሚሆን እናንተው ገምቱ።

እኛን ከዋቱም በላይ ያናደደን ግን ሌላ መስመር ነው። ሻጭም ገዢም ዞር ብሎ የማያያት፣ «ግብዓት» የምትለዋ። የተቃጠለው ሳጥን ላይ «230 ቮልት» ብቻ ይላል። ጥሎት የመጣው የዴል ሳጥን ላይ ግን «ከ100 እስከ 240 ቮልት» ነበር የተጻፈው። ይህ ጌጥ አይደለም። አክቲቭ ፒኤፍሲ የሚባል ክፍል ያለው ፓወር ሰፕላይ መብራቱ ከ220 ወደ 160 ቢወርድም ሥራውን ይቀጥላል። ባለ 230ው ግን በወረደ ቁጥር ያቃስታል፣ ይዘጋል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይዘጋል። እንደኛ መብራት «መጣ፣ ሄደ» እየተባለ እንደ እንግዳ በሚወራበት አገር ከዋቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ቁጥር ነበር። ወዳጃችን ለመብራታችን የተሠራውን ሳጥን ሱቅ ጥሎ፣ መብራታችንን የማይችለውን በገንዘቡ ገዛ። ሻጩም አልነገረው፣ እሱም አልጠየቀ። እኛስ ብንሆን እንጠይቅ ነበር?

እውነቱን እንናገር፣ አንጠይቅም ነበር። የኛ ትውልድ ካርድ ሲመርጥ ሌሊቱን ሙሉ የዩቲዩብ ፍተሻ ያያል፣ ስንት ፍሬም በሴኮንድ እንደሚያወጣ በቃሉ ይይዛል፣ ከጓደኛው ጋር ይጣላበታል። ፓወር ሰፕላይ ላይ ሲደርስ «ከኬዙ ጋር የመጣው ይበቃል» ይላል። ነጻ ስጦታ መስሎታል። ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምሩን ልጆች ደግሞ መብራት ጠፍቶባቸው የሚያውቁ አይመስሉም። የነሱ ምክር «850 ዋት ግዙ» ነው። እኛ ያንን ሰምተን ገበያ ስንወጣ በእጃችን ላለው ብር 850 የተጻፈበት ወረቀት እናገኛለን፣ ወረቀት ብቻ።

«ስታብላይዘር አለኝ» የሚሉም አሉ። ይኑራችሁ፣ አንከለክልም። ስታብላይዘር የወረደውን ቮልት ከፍ ያደርጋል፣ የ192 ዋቱን ሳጥን ግን 600 አያደርገውም። ደግሞም ብዙዎቹ ቀጭ ቀጭ እያሉ ደረጃ የሚቀይሩ ናቸው፣ በዚያች ቅጽበት መብራቱ ይቋረጣል። ደህና ፓወር ሰፕላይ ሙሉ ጭነት ላይ ሆኖ እንኳ ቢያንስ 16 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ያለ መብራት እንዲቆይ ነው የሚሠራው። ውስጡ ያለው ማጠራቀሚያ ካፓሲተር የተቆጠበበት ርካሹ ግን ያቺን ታህል አይታገሥም።

«80 ፕላስ» የሚለው ምልክትም ብቻውን አያድናችሁም። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጥ የቁጠባ ማረጋገጫ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሳይባክን ስንት እጁ እንደሚደርስ ይናገራል እንጂ ሳጥኑ ሲበላሽ ሌላውን ዕቃ ይዞ እንደማይሄድ አይናገርም። ደግሞም ተለጣፊ ወረቀት ማተም ቀላል ነው።

አሁን «እናንተ ታወራላችሁ፣ ገንዘቡስ?» የሚለን ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ ደህና ፓወር ሰፕላይ ዋጋው ለብዙዎቻችን የሚቀመስ አይደለም። ለዚህ የምንሰጠው መልስ «ተበደራችሁም ቢሆን ግዙ» አይደለም። መልሳችን «ካርዱን ቀይሩ» ነው። ወዳጃችን ከጂቲኤክስ 1060 ይልቅ ተጨማሪ መሰኪያ የማይፈልገውን ጂቲኤክስ 1650 ቢገዛ ካርዱ የሚበላው 75 ዋት ነበር። ጠቅላላው 190 ዋት ገደማ፣ የዴሉ የራሱ ሳጥን ደግሞ እውነተኛ 240 ዋት። ምንም ፓወር ሰፕላይ ሳይገዛ፣ ምንም አገናኝ ገመድ ሳይቀጥል ሠርጉን አቀናብሮ ያስረክብ ነበር። እውነተኛው 240 ከውሸቱ 600 ይበልጣል ስንል ለማስደነቅ አይደለም፣ 192ን ከ240 ጋር አወዳድሩት።

ትልቁን ካርድ የግድ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሱቁ ውስጥ ሳጥኑን ገልብጦ ያንብብ፣ ሻጩ ፊት ስልኩን አውጥቶ ያባዛ። በ12 ቮልቱ መስመር 30 አምፔር ካለው 360 ዋት ነው፣ ለወዳጃችን ዓይነት ማሽን ከበቂ በላይ። ግብዓቱ ከ100 እስከ 240 ይበል። ከውጭ በመጣ አሮጌ ዕቃ ላይ ከኋላ ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ የመሰለች መቀያየሪያ ካለች ደግሞ 115 ላይ አለመሆኗን ሳያይ ሶኬት እንዳይሰካ። 115 ላይ ሆና ከኛ 220 ጋር ከተገናኘች የሚከተለውን ድምፅ ጎረቤትም ይሰማዋል። ወረቀቱን «አይነበብም»፣ «እንዳትከፍት» የሚል ሻጭ ካጋጠመ ዞር ብሎ መሄድ ነው፣ ወላሂውን እዚያው ትቶ።

ሻጮች ሁሉ ሌባ ናቸው አላልንም። ብዙዎቹ ራሳቸው ያንን ወረቀት አንብበውት አያውቁም፣ ከጅምላ አከፋፋዩ «600» ተብለው ተረክበው «600» ብለው ያስረክባሉ። ግን ዕቃ የሚሸጥ ሰው የሸጠውን የማወቅ ግዴታ አለበት። ቢያንስ ደረሰኙ ላይ ከ«600 ዋት» ይልቅ የ12 ቮልቱን አምፔር ጽፎ ይፈርም። መጻፍ ካስፈራው ለምን እንደፈራ እናውቃለን።

ወዳጃችን ዲስኩን ለሚጠግን ሰው አዲስ አበባ ልኳል፤ ለሙሽሮቹ ቤተሰብ ደግሞ «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» ብሏል። የድሮውን የዴል ሳጥን ፍለጋ ወደ ሱቁ ቢመለስ ተሽጧል። ሻጩ ግን በሐዘን አልሸኘውም። «ወላል፣ አንተ ዕድለኛ ነህ» አለው፣ «ትናንት 700 ዋት ገብቷል።»