ፎቶው ይናገር

ዛሬ ሐሳቤን የምሰጠው የቤተሰብ ፎቶን በስልክ ወደ ቪዲዮ ስለመቀየር ነው።

ባለፈው ሻደይ ወንድሜ ከሰቆጣ መጥቶ የቤታችንን 40 ፎቶዎች በስልኩ አንስቶ በካፕካት አቀናበራቸው። የ4 ደቂቃ ዘፈንም ጨመረበት። ሁላችንም ከበን ስናይ ደስ አለን። አያቴ ግን «ቆይ፣ ቆይ! ይቺን ልያት!» ስትል ፎቶው አልፏል። ለካ የሞተች እህቷ ነበረች።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 4 ደቂቃ 240 ሰከንድ ነው። ለ40 ሲካፈል ለአንድ ፎቶ የሚደርሰው 6 ሰከንድ ብቻ ነው። በ6 ሰከንድ ናፍቆት ይወጣል?

አንዳንዶች «ያለ ዘፈን ይደብራል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ሙዚቃ ያምራል። እኔም ዘፈን ይቅር አላልኩም። ግን ዘፈኑ የአያቴን ድምፅ ሸፈነው። በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ሁሉ በስም የምታውቃቸው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። እሷ በኽምጣና ስትነግረን ድምጿን ቀድተን ከፎቶው ጋር ብናስገባው ለነገ ይቀመጣል። የሻደይ ዘፈን መጨረሻ ላይ ይግባ።

ደግሞ ቪዲዮ ተሠራ ብለን የወረቀቱን ፎቶ አንጣል። ስልክ ይጠፋል፣ ሚሞሪም ይበላሻል። ከፎቶው ጀርባ ስሙንና ዓመቱን ቀስ ብለን በእርሳስ እንጻፍ።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ዛሬ ማታ ፎቶ ይዛችሁ አያቶቻችሁን «ይሄ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።