ቁልፉ በማን እጅ ነው? ስለ ዓሙታዎቻችን ዝም አንልም



በየዓመቱ ሲግድ ሲደርስ አርሞን ሃነጺቭ ላይ ተሰብስበን እንጸልያለን፤ ስለ መብታችንም ንግግር እንሰማለን። አንድ ነገር ግን መድረክ ላይ ሲነሳ አንሰማም፤ በስማችን የተቋቋሙት ዓሙታዎች እንዴት ነው የሚመሩት?

ዘረኝነት አለ። ቢሮክራሲው ልብ ያደርቃል። ሕጉ በዕብራይስጥ ነው የተጻፈው። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን «ሁኔታችን ከባድ ስለሆነ ፕሮቶኮልና ቁጥጥር ይቅርብን» የሚለውን ሰበብ አንቀበልም። ሁኔታው በከበደ ቁጥር እኮ ነው ወረቀት የሚያስፈልገው!

ማስረጃው እዚሁ ኢየሩሳሌም አለ። ከነቢያት መንገድ ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ታጠፉ። በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን ያለቀውን የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ታገኛላችሁ። በዙሪያውና በነቢያት መንገድ ላይ ነገሥታቱ፣ ንግሥታቱና መኳንንቱ ያሠሯቸው ቤቶች አሉ። ብዙዎቹ እየተከራዩ ገዳሙን ሲረዱ ኖረዋል። «እሱ የክርስቲያኖች ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ሃይማኖታችን ሌላ ነው፤ እዚያ አገር የደረሰብንንም አልረሳንም። ትምህርት ግን ከየትም ይወሰዳል። ቱርክ ሄደ፣ እንግሊዝ መጣ፣ እስራኤል ተመሠረተች፤ በኢትዮጵያም ንጉሡ ወረዱ፣ በእስራኤልና በኢትዮጵያ መካከል የነበረው ግንኙነት በ1973 እ.ኤ.አ. ተቋርጦ በ1989 ተመለሰ። ያ ሁሉ ሲሆን ገዳሙ አልተዘጋም። ቋሚ ንብረትና ቋሚ ገቢ ነበረዋ።

አሁን ደግሞ ወደ አሮጌው ከተማ፣ ወደ ዴር ሱልጣን እንሂድ። በ1838 ወረርሽኝ መነኮሳቱን ጨረሰ፤ መጻሕፍታቸውና ሰነዶቻቸውም እንደተቃጠሉ ይነገራል። ቁልፉ ከግብፅ ኮፕቶች እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያውያኑ በየመንግሥቱ ደጅ ሲጠኑ ኖሩ። በ1961 ዮርዳኖስ ፈረደችላቸው፣ ወዲያው መልሳ ሻረችው። በ1970 በፋሲካ ሌሊት፣ ኮፕቶች ጸሎት ላይ ሳሉ፣ የበሮቹ መቆለፊያ ተቀየረና ቁልፉ ለኢትዮጵያውያን ሆነ። በ1971 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት «ቁልፉ ለኮፕቶች ይመለስ» አለ፤ ስለ ባለቤትነቱ የመወሰኑን ነገር ግን ለመንግሥት ተወለት። ከ50 ዓመት በላይ አለፈ፣ ነገሩ እስከ ዛሬ እንደተንጠለጠለ ነው። በፖለቲካ የተገኘ ቁልፍ በፖለቲካ ሊወሰድ ይችላል። ሰነዱ የጠፋበት ሰው የሌላውን ፊት እያየ ይኖራል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው።

ታዲያ የኛስ ዓሙታዎች? በ1980 የወጣው የዓሙታዎች ሕግ ግልጽ ነው። ጠቅላላ ጉባኤ ይኑር፤ ቫዓድ ይኑር፤ ቫዓዳት ቢኮሬት ይኑር። አንድ ሰው ቫዓድም ተቆጣጣሪም መሆን አይችልም። በየዓመቱ የገንዘብና የሥራ ሪፖርት ለራሻም ሃዓሙቶት ይቀርባል። ትርፍ ለአባላት አይከፋፈልም። ኒሁል ታኪን የሌለው ዓሙታ ከሚኒስቴር ድጋፍ አያገኝም። ይሄ እኛን ለመጉዳት የወጣ ሕግ አይደለም። የኛ ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ እንድናውቅ የሚያደርገን መሣሪያ ነው።

በተግባር ግን የምናየው ሌላ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው በወረቀት ላይ ብቻ የተካሄደ አለ። ተቆጣጣሪው የሊቀመንበሩ የአጎት ልጅ የሆነበት አለ። ዕብራይስጥ የማያነቡ ሽማግሌ «እዚህ ጋ ይፈርሙ አባባ» ተብለው የፈረሙበት አለ። ነገ ችግር ሲመጣ ተጠያቂው ማን ነው? ፊርማው የማን ነው?

ለምን አንጠይቅም? ይሉኝታ ይዞን ነው። «ሽማግሌን ሒሳብ አምጣ ማለት ነውር ነው» እንላለን። እዚያ በመንደራችን ሁሉም ሁሉን ያውቅ ነበር፤ የሽማግሌ ቃልም ይበቃ ነበር። እዚህ ግን ገንዘቡ የሚመጣው ከሚኒስቴር፣ ከማዘጋጃ ቤትና ከማናውቀው ለጋሽ ነው። ሽማግሌን ማክበር ማለት ያላነበቡትን ማስፈረም አይደለም። የሚፈርሙትን በሚገባቸው ቋንቋ አንብቦ ማስረዳት ነው ክብሩ።

ሌላም ሰበብ አለ፦ «ገመናችንን ካወጣን ጠላቶቻችን ይስቁብናል።» ኧረ ገመናው ቀድሞ ወጥቷል! የዓሙታዎች መረጃ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው። ሌላው እያነበበው እኛ ብቻ አለማንበባችን ነው የሚያሳፍረው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይሄን ነው፦

1. ዓመታዊ ሪፖርቱ ባጭሩ በአማርኛና በትግርኛ ይነበብልን።
2. የቫዓድና የቫዓዳት ቢኮሬት አባላት ስም ለሁሉም ይገለጽ፤ ዘመዳሞች እርስ በርስ አይቆጣጠሩ።
3. ገንዘብ በአንድ ሰው ፊርማ አይውጣ።
4. ሊቀመንበር የዕድሜ ልክ ሹመት አይሁን። ወጣቶችና ሴቶች ይግቡ፤ ለማስዋብ ሳይሆን ለመወሰን።
5. ፕሮቶኮሉ በዓሙታው ቢሮ ይቀመጥ፤ በአንድ ሰው ቤት መሳቢያ ውስጥ አይቆለፍ።

በንጹህ እጅ የሚሠሩ ዓሙታዎች እንዳሉን እናውቃለን፤ እናመሰግናቸዋለን። ይሄ ጥያቄ እነሱን አይጎዳም። ሒሳቡ ንጹህ የሆነ ሰው ደብተሩን ለመክፈት አይፈራም።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ኑ። ካልተጠራችሁም ለምን እንዳልተጠራችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።