አገርዎን ይወቁ፦ ዓባይ ከቡሬ በታች

አንባቢ ሆይ፤ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ተምረው እንደ ሆነ፣ ወይም በመንግሥት ሥራ ወደዚያ ተመድበው እንደ ሆነ፣ የዓባይን ነገር ከጂኦግራፊ መጽሐፍ በቃልዎ አጥንተው ይሆናል። ዳር ቆመው ግን አይተውታልን? አብዛኞቻችን ያየነው በባሕር ዳር ወይም በጢስ ዓባይ ነው። በረሃው ግን ከቡሬ በስተ ደቡብ ነው።

ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የነቀምቴን መንገድ ይዘው እስከ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛሉ። በማለዳ የለበሱት ካፖርት ገና ከመንገዱ እኩሌታ ሳይደርሱ ይከብድዎታል። የደጋው እርሻ ይቀርና ግራርና ሽመል ይተካል። ደገኛው ሐሩሩንና ወባውን ስለሚፈራ መንደሩን በአፋፉ ላይ ሠራ፤ ሸለቆውንም ለአውሬ ተወው።

ጉማሬ ቀኑን ከጥልቅ ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል። አዞ በበጋ አሸዋው ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ጭካኔውን ብቻ አይዩ፤ እንስቷ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ሦስት ወር ያህል ትጠብቃለች። ጫጩቶቹ ከውስጥ ሲጮኹ ቆፍራ ታወጣቸውና በአፏ ይዛ ወደ ውሃው ታደርሳቸዋለች። (ጥጃውን ለተነጠቀ የቆላ ገበሬ ይህን የእናት ርኅራኄ ማስረዳት እንዴት ይቻላል!)

ይህ ወንዝ ለካርታ ሠሪዎችም አልተመቸም። እ.ኤ.አ. በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ የብረት ጀልባዎች አምጥቶ ቁልቁል ሊጓዝ ቢሞክር ወዲያው ተሰባበሩበት። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ግን ብልህ ነበር። ጀልባውን ትቶ በቅሎውን ጫነ፤ በአፋፉ እየተጓዘ፣ መውረጃ ባገኘበት ሁሉ እየወረደ፣ በነጠብጣብ ብቻ ይመለከት የነበረውን የወንዙን መንገድ በካርታ ላይ አሰፈረ። እ.ኤ.አ. በ1968 በብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዞች ጓድ በክረምቱ ሙላት በጀልባ ወረደ። ሽፍቶች ተኮሱባቸው፤ ከወታደሮቹም አንዱ ገባር ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ቀረ።

እርስዎ ግን ሙላቱን ከድልድዩ ላይ ሆነው ማየት ይችላሉ። በነሐሴ ውሃው ቡናማ ነው። ይህ ቀለም ፈጣምና ብር፣ ሌሎቹም ገባሮች ከደጋው ጠርገው ያመጡት የእርሻ አፈር ነው። ቀድሞ ሱዳንና ግብፅ ይደርስ ነበር፤ ዛሬ ግን እ.ኤ.አ. በ2025 የተመረቀው የጉባው ግድብ አብዛኛውን ይይዘዋል። አፈሩ በግድቡ ሐይቅ ሥር በተኛ መጠን የውሃው ቦታ ይጠብባል፤ የቡሬ ገበሬ ማሳም ይሳሳል። እርከን የሚሠራውም፣ ዛፍ የሚተከለውም እዚያው ደጋው ላይ፣ ምናልባት እርስዎ ከሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ጀርባ ባለው ተረተር ላይ ነው።